ክዳኑ ይከፈት

አንድ ማክሰኞ ልጄ ምሳ ዕቃዋን ቤት ረስታ ሄደች። ከሥራ አስፈቅጄ ይዤላት ስደርስ የምሳ ደወል ተደውሎ ልጆቹ በረጃጅሞቹ አግዳሚዎች ላይ ተደርድረው ይበሉ ነበር። እሷን ስፈልግ ዓይኔ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ላይ አረፈ። የምሳ ዕቃውን ክዳን አልከፈተውም፤ ገርበብ ነው ያደረገው። በግራ እጁ ክዳኑን ወደ ጓደኞቹ በኩል እንደ ግድግዳ አቁሞ፣ ቀኝ እጁን በክፍተቱ እያስገባ፣ አንገቱን ደፍቶ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል። በአጠገቡ ሳልፍ ቀና ብሎ አየኝና ክዳኑን ጭራሽ ዝቅ አደረገው። ሽታ ግን አይከደንም። ነጭ ሽንኩርቱ የሚያውድ የሽሮ ፍትፍት ነበር።

ከእሱ ሁለት ሰው አለፍ ብለው የተቀመጡት ልጆች ክዳናቸውን ወዲያ ጥለውታል። የድንች ጥብስ፣ የታሸገ ቺፕስ፣ ቸኮሌት የተቀባ ነጭ ዳቦ፣ ሙቅ ውሃ ፈስሶበት በደቂቃዎች የሚደርሰው የታሸገ ፓስታ ይዘዋል። አንዱ የአንዱን እያየ ይጎመጃል፣ ይለዋወጣል። በእጄ ያለው የልጄ ምሳ ዕቃም የእነሱ ወገን ነው፦ ጠዋት በጥድፊያ የጠበስኩት ድንችና ከሱቅ የገዛሁት ጁስ። ጁሱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ያነበብኩት ያን ዕለት ነው። ውሃ፣ ስኳር፣ ማቅለሚያ፣ ማጣፈጫ ይላል። ፍራፍሬ የለበትም።

ማታ ደብተሯን ገለጥኩ። "ምግብ በሦስት ይከፈላል፦ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ" ብላ በቁም ጽሕፈት አሳምራ ጽፋለች። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አሥር ከአሥር ተሰጥቷታል። ለሰውነት ገንቢ ምሳሌ ስትሰጥ የጻፈችው ሽሮና ምስር ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሚገነባውን ምግብ የያዘው ልጅ አፍሮ በልቷል፤ የማይገነባውን የያዘችው ልጄ ኮርታ በልታለች። ፈተናውን ሁለቱም ያልፋሉ።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ልጆቻችን ስለ ምግብና ስለ ሰውነታቸው አልተማሩም ብዬ አይደለም። ተምረዋል። ደብተሩ የሚላቸውን ግን አግዳሚው ያፈርስባቸዋል፣ የግቢው በር ያፈርስባቸዋል፣ ቤታችንም ያፈርስባቸዋል። ልጅ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይይዛል። ስለዚህ ጥሪው ለመምህር ብቻ አይደለም። ምሳ ለምትቋጥር እናትና አባት፣ ለርእሰ መምህር፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ለሚነግዱ፣ ለወረዳ ኃላፊዎችም ነው።

ከሽሮው እንጀምር። ያ ልጅ ያፈረበት ምግብ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም። እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይበዛባቸዋል፤ እህል ላይ ደግሞ ያንሳል። እህሉ በበኩሉ ጥራጥሬው የሚያጥረውን ሜቲዮኒን ይሰጣል። ሽሮ በእንጀራ አንድ ጉርሻ ውስጥ ሁለቱ ይገናኛሉ። የጤፉ ሊጥ ለቀናት ሲቦካ ደግሞ ሰውነታችን ብረትን እንዳይወስድ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። አያቶቻችን ከሽሮው ጎን ቃሪያ ማስቀመጣቸውም ለጣዕም ብቻ አልቀረም፤ በቃሪያው ያለው ቫይታሚን ሲ ከእህሉና ከጥራጥሬው የሚገኘውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲወስደው ያግዛል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንሽ ምሳ ዕቃ ውስጥ ነበር፣ ክዳኑ ተገርብቦበት።

በሶም እንዲሁ ነው። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ሲበጠበጥ ወይም ሲጨበጥ ስንቱን መንገደኛና ስንቱን ወታደር አሻግሯል። ዩኒቨርሲቲ ልጁን የሸኘ ወላጅ ሁሉ በሶ ሳይቋጥርለት አልሸኘውም። አትሌቶቻችንም ከበሶ ጋር ያደጉ ናቸው። ዛሬ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ በሶ ይዞ ቢመጣ ግን ይሳቅበታል። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጭኮ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ሁሉ "የድሃ" ተብለው ከምሳ ዕቃ ወጥተዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እዚህ ላይ ይታያል። ይህን ንቀት ልጆቹ ከየትም አላመጡትም። ከእኛ ነው የወሰዱት። እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ እንከፍታለን እንጂ ቆሎ አናቀርብም። ልደት ስናከብር ጠረጴዛው ላይ ያለውን አስታውሱ። ልጅ "ጥሩ ስለሆንክ" ተብሎ የሚሸለመው ከረሜላ ነው እንጂ ብርቱካን አይደለም። እንዲህ ያደገ ልጅ ጣፋጩን ከፍቅር ጋር፣ ንፍሮውን ከእጦት ጋር አገናኝቶ ቢይዝ ምን ይገርማል?

ስለ ቁርስም አንድ ነገር ልበል፤ በአብዛኛው ቤት ያለ ጉዳይ ነውና። ልጆቻችን በሻይና በዳቦ ነው የሚሸኙት። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ብረት የጎደለው ልጅ ደግሞ ይደክመዋል፣ ያንቀላፋል፣ ትኩረቱ ይበተናል፤ እኛም "ሰነፍ" እንለዋለን። ሻይ ይቅር ማለቴ አይደለም። ከምግቡ አንድ ሰዓት ራቅ ይበል። በቦታው ወተት ካለ ወተት፣ ከሌለ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት፣ እሱም ካልሆነ ውሃ ይጠጣ። ዳቦው ላይ የተከተፈ ቲማቲም ወይም የተረፈ ምስር ቢጨመርበት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ለውጥ ከሁሉ የቀለለ ስለሆነ ነው አስቀድሜ ያነሣሁት።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ ይፋ አድርጓል። መመሪያው ከውጭ የመጣ ምግብ ፈልጉ አይልም። ከእህሉ፣ ከጥራጥሬው፣ ከአትክልቱ፣ ከፍራፍሬው፣ ከቅባት እህሉ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦው አሰባጥሩ፤ ስኳሩን፣ ጨዉን፣ ስቡን ቀንሱ፤ ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ ነው የሚለው። ይህ ወረቀት ከቢሮ መደርደሪያ ወርዶ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በየክልሉ ቋንቋ፣ በሥዕል ሊሰቀል ይገባዋል። የሥዕል መምህራን፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ይሣሉት።

አሁን ወደ በሩ እንውጣ። በየትኛውም ትምህርት ቤት በር ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ወይም ሱቅ በደረቴ አለ። ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ በላስቲክ የታሰረ ባለቀለም ጣፋጭ ውሃ ይሸጣል። የሚሸጡት ሰዎች ጠላቶቻችን አይደሉም። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ የሚሸጡትም የልጆቻቸውን ደብተር ለመግዛት ነው። ደንብ አስከባሪ ጠርቶ ማባረር መፍትሔ መስሎ የሚታየው ርእሰ መምህር ካለ እባክዎ ይታገሱ፤ ነገ ማዶ ተሻግረው ይቀመጣሉ፣ ልጆቹም መንገድ አቋርጠው ይከተሏቸዋል። ይልቅ ይጥሯቸው፣ ያነጋግሯቸው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ንፍሮ፣ በወቅቱ የበቆሎ እሸት ንጹሕ አድርገው ለሚሸጡ በግቢው ውስጥ ጥላ ያለው ቦታና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይስጧቸው። ነጋዴ ገዢ ያለበትን ይሸጣል። ልጁ ሙዝ ከጠየቀ ሙዝ ይመጣል።

ልጁ ሙዝ እንዲጠይቅ ምን እናድርግ? አንዲት የማውቃት የሳይንስ መምህርት ያደረገችውን ልንገራችሁ። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያና ስኳር ይዛ ክፍል ገባች። ምንም ሳትናገር ስኳሩን እየሰፈረች ትጨምር ጀመር። ልጆቹ ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ መሣቅ ጀመሩ፣ ስድስት ላይ ሣቁ ቆመ፣ ስምንት ላይ እጇን ሰበሰበች። "ማን ይጠጣል?" አለች። እጁን ያነሣ አልነበረም። ከዚያ ባለ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። አብዛኛው ለስላሳ በየ100 ሚሊ ሊትሩ ከ10 ግራም በላይ ስኳር አለው። በአንድ ጠርሙስ ወደ 32 ግራም ይደርሳል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ቢይዝ ስምንት ማንኪያ ነው።

ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ጥያቄ አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከተጨመረ ስኳር የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ አጠቃላይ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ አሥሩ በመቶ 40 ግራም ነው፣ አምስቱ በመቶ 20 ግራም። አንዷ ጠርሙስ ከሃያው አልፋ ወደ አርባው ተጠግታለች። ይህን ራሱ ያሰላ ልጅ ሱቅ ሲገባ ጀርባውን ገልብጦ ያነባል። የልደቱ ዕለትም እናቱን ይጠይቃል። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል። ታክስ ዋጋ ይጨምራል፤ ምርጫን የሚያስተምረው ግን ያች ማንኪያ ነች።

እዚህ ላይ የሚያነብ ሰው "ስለ ቺፕስ የምታወራው በልቶ ለሚያድር ልጅ ነው" ቢለኝ አልከፋም። እውነት ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ልጆች 37 በመቶው በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ሕፃናት አይደሉም፤ ቦርሳ አዝለው በሰልፍ ላይ ቆመዋል። በአንድ ክፍል፣ አንዳንዴም በአንድ ወንበር ላይ፣ ራት ሳይበላ ያደረ ልጅና ከሚያስፈልገው በላይ ጣፋጭ የበላ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ስለ ምግብ ማስተማር በእኛ አገር ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። "ዛሬ ቁርስ ምን በላችሁ?" ብላችሁ በክፍል ፊት አትጠይቁ። ያልበላው ልጅ መዋሸት አለበት፤ ከውሸቱ በኋላ የምታስተምሩትን ምንም አይሰማም። ልጆችን በሰው ፊት አትመዝኑ። "ድቡልቡል" ወይም "ቀጭኔ" የሚል ቅጽል ስም በክፍላችሁ ሲወጣ ስሙን ያወጣው ልጅ ሳይሆን ዝም ያለው መምህር ነው ያጸደቀው። ስለ አንድ ምግብ ስታስተምሩ ምግቡን ይዛችሁ ግቡና ለሁሉም ቁረሱላቸው። አንድ ካሮት ለአርባ ልጅ ይበቃል፤ ስስ ስስ ተደርጎ ይከተፋል። የቀመሰው ልጅ አይረሳውም።

ክዳን የሌለበትን ቦታም አይቻለሁ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ ትመግባለች። ከዚያ በፊት በባዶ ሆዳቸው መጥተው በሰልፍ ላይ ስለሚወድቁ ልጆች መምህራን ሲያወሩ ሰምተናል። ዛሬ በእነዚያ አዳራሾች የሀብታሙም የድሃውም ልጅ ከአንድ ድስት የወጣ ወጥ ይበላል። ማንም የማንንም ሰሐን አይሸሽግም። እኔ ይህን ከምገባው የማይተናነስ ትምህርት አድርጌ ነው የማየው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የዕለቱ ምግብ ለሰውነት ምን እንደሚሰጥ በአንድ መስመር ቢጻፍ፣ ምግብ አብሳዮቹ እናቶች በሳምንት አንድ ቀን ክፍል ገብተው ምስሩን እንዴት እንደሚቀቅሉ ቢያስረዱ፣ ልጆቹ በተራ ቢያስተናግዱ፣ አዳራሹ ራሱ ክፍል ይሆናል። በየግቢው ጥግ ላይ ያለችው ጠባብ መሬት ጎመንና ሰላጣ ብታበቅል ደግሞ የሳይንስ መምህሩ ሥዕል መሳል አያስፈልገውም።

ምገባው ያልደረሰባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚያ ያለው ልጅ ለመንቀሳቀስ ምክር አያሻውም፤ ሰዓት የሚፈጅ መንገድ በእግሩ ሄዶ ነው የሚማረው። እሱ የሚፈልገው ስንቅ ነው። ወጪ መጋራት የምንችል፣ በውጭ አገር የምንኖርም፣ ለሠርግና ለምርቃት የምናወጣውን እያሰብን የተማርንበትን ትምህርት ቤት ስም እናስታውስ። ኃይለ ገብረሥላሴ በአሰላ ገጠር 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይማር እንደነበር፣ ደብተሩን በብብቱ ይይዝ ስለነበር የግራ ክንዱ አያያዝ በሩጫው ላይ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። ታሪኩን ስንወድ የምንረሳው ግን አለ። ያን ያህል የሚሮጥ ልጅ ያን ያህል መብላት አለበት።

የከተማው ልጅ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ከቤት ወጥቶ ሰርቪስ ላይ ይቀመጣል፣ ከሰርቪስ ወርዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ተመልሶ ቤት ሲገባ ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። በዓለም ዙሪያ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች ከአምስቱ አራቱ ይህን አያሟሉም። እኛ በልጅነታችን ስልሳ ደቂቃ ብሎ የቆጠረልን አልነበረም። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ የጨርቅ ኳስ እያልን እናታችን በስማችን እስክትጠራን እንዘል ነበር። ያ ሰፈር ዛሬ አጥር ሆኗል፣ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ለአብዛኛው የከተማ ልጅ የቀረው ሜዳ የትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻ ነው።

በዚያ ግቢ ውስጥ ደግሞ ከክፍለ ጊዜዎች ሁሉ በቀላሉ የሚወሰደው የሰውነት ማጎልመሻ ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ሒሳብ ይወስደዋል፤ እንግሊዝኛ ይወስደዋል። ስብሰባ ካለ እሱ ይሰረዛል። ሳይሰረዝ ሲቀርም ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ በጠመኔ ነው የሚያልቀው፦ "ቅልጥፍና ማለት ምን ማለት ነው? የኳስ ሜዳ ርዝመት ስንት ነው?" ልጁ የሜዳውን ርዝመት በቃሉ ይዞ አንድም ቀን ሳይሮጥበት ዓመቱ ያልቃል። ይህን የማደርገው እኔ አይደለሁም የሚል ርእሰ መምህር ካለ አመሰግነዋለሁ። ወላጅም ከዚህ ነፃ አይደለም። በወላጆች ስብሰባ ላይ "ልጄ በሒሳብ ስንተኛ ነች?" ብለን ስንጠይቅ "ልጄ ዛሬ ሮጣለች?" ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ግን ዓለም ከእኛ ነው የተማረው። በአርሲ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። ጂምናዚየም አልነበረውም፤ የተነጠፈ መም አልነበረውም። ሜዳና ጫካ፣ ጠዋትና ፊሽካ ነበሩት። የክፍሉን ልጆች ሲያሮጥ እያየ ለይቶ ከሚያሠለጥናቸው መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ነበሩበት። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ወርቁን ስንናገር ጭብጨባው ይደምቃል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ስማቸው የማይነሣው ሌሎቹ ልጆች ናቸው። በዚያ መምህር እጅ አልፈው ነጋዴ፣ ነርስ፣ ገበሬ የሆኑት፣ ወርቅ ሳያመጡ ጤነኛ ልብና ጠንካራ እግር ይዘው የቀሩት። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ የተፈጠረው ለእነሱ ነው።

መሣሪያ የለንም የሚል ትምህርት ቤት ካለ በስኮትላንድ የሆነውን ይስማ። በ2012 እ.ኤ.አ. በስተርሊንግ ከተማ ኢሌን ዋይሊ የተባሉ ርእሰ መምህርት ልጆቹ ትንሽ ሲሮጡ ቶሎ እንደሚደክማቸው አስተዋሉ። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በቀን 15 ደቂቃ ወደ ሜዳ ወጥቶ በመደበኛ ልብሱ ይሮጣል፣ የደከመው ይራመዳል፣ ተመልሶ ትምህርቱን ይቀጥላል። ውድድር የለም፣ ልብስ መቀየር የለም። ሐሳቡ ከዚያች ትምህርት ቤት ተነሥቶ ብዙ አገር ደርሷል። የሯጮች አገር ለሆነችው ኢትዮጵያ አሥራ አምስት ደቂቃ አትከብዳትም። ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ ልጆቹ ወደ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ግቢውን በሩጫ ቢዞሩት ከየትኛውም ክፍለ ጊዜ ላይ ምንም አይቀነስም። ግቢው ጠባብ ከሆነ በቦታ ላይ መዝለልም ይቻላል። ዊልቸር ላይ ያለው ተማሪም ከጓደኛው ጋር ይዞራል እንጂ ቦርሳ ጠባቂ ሆኖ አይቀመጥ።

ቦርሳ ጠባቂ ካልኩ አይቀር ስለ ሴት ልጆቻችን እናገራለሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ከወንዶቹ እኩል የሚሮጡት ልጆች ሰባተኛ ክፍል ላይ ሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። ሹራብ ወገባቸው ላይ አስረው፣ የሚጫወቱትን ቦርሳ በጭናቸው ይዘው። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም፣ ማንም ተነሡ አላላቸውም። ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል የለም፤ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም፤ የወር አበባ የመጣባት ልጅ ለማን እንደምትናገር አታውቅም፤ ቁምጣ ብትለብስ የምትሰማውን ታውቃለች። ይህን ማስተካከል ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚቆለፍ አንድ ክፍል፣ አንድ በርሜል ውሃ፣ በአንዲት መምህርት ኃላፊነት የተያዘ የንጽህና መጠበቂያ፣ ሱሪ ለብሳ መሮጥ የምትችልበት ደንብ ይበቃል። ደራርቱን ያፈራ አገር ሴት ልጆቹን ቦርሳ አያስይዝ።

ወረዳውም ድርሻ አለው። በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ሲከፈቱ ልጆች አስፋልት ላይ በስኬቲንግ ጫማ፣ በብስክሌት፣ በሩጫ ሲፈነድቁ አይተናል። ልጆቻችን መጫወት አልጠሉም፤ ቦታ ሲሰጣቸው ወዲያው ይወጣሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሜዳ ግን ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ ይውላል። ጥበቃና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ተመድቦ ሜዳው ለሰፈሩ ልጆች ቢከፈት ምን ይጎድላል? በመኖሪያ ቪላ ውስጥ የሚያስተምሩ፣ ልጅ ሊሮጥበት የሚችል ቦታ የሌላቸው የግል ትምህርት ቤቶችም በአቅራቢያቸው ካለ ባለ ሜዳ ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግረው በሳምንት ሁለት ቀን ልጆቻቸውን ይውሰዱ። ፈቃድ ሰጪው አካል ይህን እንደ ግዴታ ይያዘው። ሜዳ ለሌለው ትምህርት ቤት ስንከፍል ለልጃችን ግማሽ አካል ብቻ እየከፈልን ነው ማለት ነው፤ እንጠይቅ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ቤቴን ረስቼ አይደለም። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ምሳ የምንቋጥረው ከልጄ ጋር ነው። መጀመሪያ አኮረፈች። ሽሮ ብሰጣት ሳትበላው መለሰችው፤ አንድ ሳምንት አስቸገረችኝ። ቃሪያውን እሷ እንድታጥብ፣ ካሮቱን እሷ እንድትልጥ፣ ቆሎው ውስጥ ስንት ኦቾሎኒ እንደሚገባ እሷ እንድትወስን ስፈቅድላት ነገሩ ተለወጠ። ሁልጊዜ አይሳካልንም። የድንች ጥብስ የሚሄድበት ቀን አሁንም አለ፤ ዓርብ ነው፣ ተስማምተንበታል። ቀሪዎቹ አራት ቀናት ግን ክዳኗን ከፍታ የምትበላው የራሷ እጅ ያለበትን ምግብ ነው።

ያን ጥግ ላይ ያየሁትን ልጅ ስሙን አላውቀውም። እንደ እሱ ያለ ልጅ ግን በየክፍሉ አለ። ስለዚህ በመጪው የወላጆች ስብሰባ ላይ እጃችሁን አንሡና ልጆቹ ምን እንደሚበሉና በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሮጡ ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ አብራችሁ ለመሥራት ስማችሁን አስመዝግቡ። መምህራን፣ የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍለ ጊዜ ለማንም አታበድሩ። ርእሰ መምህራን፣ ቅዳሜ በሩን ክፈቱ። እናንተም ነገ ጠዋት ምሳ ስትቋጥሩ ልጃችሁን ከአጠገባችሁ አቁሙ። ከሽሮው ጎን አንድ ቃሪያ ጨምሩ፤ ለጓደኛም የሚበቃ አድርጋችሁ ቋጥሩ።